ቀዳዳ የሌለው ቁጥር

እውነት ተናግሬ ውሸታም ተባልኩ፤ ቁጥር እንዳልናገርም ተፈረደብኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ አላጋንነውም። ጅጅጋ ውስጥ፣ ወደ ቶጎጫሌ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ዳስ ሥር፣ ከአንድ ጀምሮ ወደ ላይ ምንም ቁጥር ከአፌ እንዳይወጣ ተከለከልኩ። ሳቁ የሚመጣበት ሰው ይኖራል፣ አውቃለሁ። ይሳቅ። ለዓመታት "አንድ ሻይ" ማለት ተነፍጎት የኖረ ሰው ግን አይስቅም።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን በጭነት መኪና ረዳትነት ጅጅጋ ገባሁ፤ መኪናዋ እዚያው ሞተች፣ ሹፌሩ ጥሎኝ ጠፋ፣ እኔ ክሪኩን ይዤ ቀረሁ። በዚያችው ክሪክ ጎማ ማንሳትና መድፈን ጀመርኩ። ፊደል አላውቅም ነበር። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር ግን በመልኩ አውቀዋለሁ፤ ስሙን ሳትጠይቅ በመልኩ ብቻ የምታውቀው ጎረቤት አለ አይደል፣ እንደዚያ።

ፊደል የቆጠርኩት ፂሜ ላይ ሽበት ከገባ በኋላ ነው። ማታ ማታ ጎልማሶች የሚማሩበት ክፍል ተከፈተ፤ ገባሁ። ጉልበቴ የሕፃናቱ ወንበር ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነበር የምቀመጠው። ፊደል ያስቀየመኝ ብዙ ነው። ማንበብ እንደቻልኩ መታወቂያዬን ገልጬ ባየው፣ ያ ሁሉ ዘመን ስሜን አሳስተው ጽፈውት ኖሯል። ቁጥር ግን አላስቀየመኝም። ቁጥር ትናንት የነበረውን ዛሬም ነው።

መምህርታችን ከድሬዳዋ የመጣች ወጣት ነበረች። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሰባት ጻፈችና "ይህ ብቸኛ ቁጥር ይባላል" አለች። "ከአንድና ከራሱ በስተቀር ሳያስተርፍ የሚያካፍለው የለም።"

"ቀዳዳ የለውም ማለት ነው" አልኩ።

"እንዴት ጋሼ?"

እንዴት እንደሆነ ነገርኳት። ጎማ ሲተነፍስ ቀዳዳው በዓይን አይታይም። የውስጡን ጎማ አውጥቼ እነፋዋለሁ፣ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ በየጥቂቱ እያዞርኩ አያለሁ። አረፋ ከወጣ ቀዳዳው እዚያ ነው። ዙሪያውን ጨርሼ አረፋ ካጣሁ ጎማው ጤነኛ ነው። ቁጥርንም በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት እያልክ ትነክረዋለህ፤ ሳያስተርፍ የተካፈለበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

መምህርቷ ሳቀች፤ በእኔ ላይ ግን አልነበረም። "ልክ ነህ ጋሼ። ግን ዙሪያው የት ያልቃል?"

አላውቅም አልኳት። አስረዳችኝ። በራሱ ተባዝቶ ከያዝከው ቁጥር የሚበልጥ ጋ ስትደርስ ማቆም ነው። ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖር እንኳ ጓደኛው ከታች ይኖራል፤ ቀድመህ ታገኘው ነበር። ይህ በገባኝ ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት እየበረርኩ ነው። ማለቂያ የሌለው የሚመስል ሥራ ማለቂያ እንዳለው ማወቅ ለድሃ ትልቅ ነገር ነው።

በሻይ ቤቷ ዳስ ሥር ከሰዓት በኋላ ጫት ይያዛል፣ ወሬ ይወራል፣ ጨዋታም ነበረ። መንገዱ ላይ መኪና ሲያልፍ ታርጋው ይነበባል፤ በምን እንደሚካፈል ቀድሞ የተናገረ ያሸንፋል። የጨዋታው ንጉሥ ጎማ ነጋዴው ነበር። ቶጎጫሌ ተወልዶ ያደገ፣ ቁርአን ቤት የተማረ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው። ጎማ የሚሸጠው እሱ፣ የምደፍነው እኔ፤ ስለዚህ ከድሮም አንዋደድም። እኔ ስጠግን እሱ አይሸጥም። መማር ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ በጨዋታውም እበልጠው ጀመር፤ ይኼ አንገበገበው።

ዳኛችን አንድ ሐጂ ነበሩ። አዋቂ፣ ጨዋ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ። እሳቸውም የተማሩት ቁርአን ቤት ብቻ ነው። ክርክር ሲነሳ የታርጋውን አሃዝ ሰው ይጠራላቸውና በመቁጠሪያቸው ያጣሩታል። አንድ ቁጥር ለሦስት ይካፈል እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን አሃዝ ይደምራሉ፤ ድምሩን በመቁጠሪያው ዶቃ ሦስት ሦስት እያደረጉ ያሳልፋሉ። ዶቃ ካልተረፈ ይካፈላል። ዘዴው ትክክል ነው፤ መምህርቷም እንደዚያው ነው ያስተማረችን።

ታዲያ የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ሁላችንም "አባዮ" የምንላት፣ በሶማሌኛ እኅት እንደማለት ነው፣ ከቶጎጫሌ ማዶ፣ ከድንበሩ ባሻገር የመጣ አሮጌ የብረት ውሃ ታንከር ገዛች። ከጀርባ፣ ድንጋይ ተደርድሮለት ተቀመጠ። ሆዱ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፦ 190901።

አንድ መቶ ዘጠና ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ። እንዳየሁት ወደድኩት። ከታርጋ ይበልጣል፤ ደግሞ ቀዳዳው በቀላሉ አይታይም። ገልብጬ ለመምህርቷ አሳየኋት። "ረጅም ሥራ ነው" አለች። "ግን ቁጥሩን በትክክል ቀድተኸዋል? ከተሳሳተ ቁጥር ትክክለኛ መልስ አይገኝም።" በትክክል ቀድቼዋለሁ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሯ ተዛወረች። ያ ቃሏ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት ሁሉ በጠመኔ አካፈልኩት። ግድግዳው ሲሞላ በአሮጌ ጎማዎች ላይ ጻፍኩ። በሰባት ነከርኩት፣ አራት ተረፈ። በአሥራ ሦስት፣ ዘጠኝ ተረፈ። በሃያ ሦስት ሳካፍለው ልቤ ቀጥ አለ፤ አንድ ብቻ ተረፈ። ለጥቂት አመለጠኝ። በሰማንያ ሦስትም እንደዚያው አንድ። ይህ ቁጥር እስከ አፋፍ አምጥቶ ይመልስሃል። አራት መቶ ሠላሳ ሰባትን በራሱ ሳባዛው ቁጥሩን አለፈ፤ ዙሪያው አለቀ። አረፋ የለም።

ዳሱ ሥር ገብቼ "የታንከሩ ቁጥር ብቸኛ ነው" አልኩ።

"እንደ አንተ?" አለ ጎማ ነጋዴው። ሚስት የለኝም። ሁሉም ሳቁ።

"እንደ እኔ። ማንም አያካፍለውም።"

"ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ እኔ አይቼዋለሁ። ለሦስት ይካፈላል። ሕፃን ያውቀዋል።"

"አይካፈልም።"

"ከተካፈለስ?"

"የፈለግከውን አድርገኝ።"

ዞር ብሎ ዳሱን አየ፤ ሰዉ እየሰማ ነው። "እንግዲያው የዋሸ ሰው ከዚህ ዳስ ሥር ዳግመኛ ቁጥር አይናገር። ሐጂ ይፍረዱን።"

እሺ አልኩ። ለምን አልልም? ዙሪያውን ነክሬዋለሁ።

ሐጂ ተነስተው ወደ ጀርባ ዞሩ። ሌላ ሰው አልተነሳም፤ ጫቱን ጥሎ ታንከር ሊያይ የሚሄድ የለም። ሲመለሱ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ዶቃው አለፈ።

"ድምሩ ሠላሳ" አሉ። "ሦስት ሦስት አድርጌ አሳለፍኩት። ምንም አልተረፈም።"

"ሃያ ነው ሐጂ" አልኩ። "ድምሩ ሃያ ነው።"

እንደገና ቆጠሩ፤ ሰው አክባሪ ናቸው። እንደገና ሠላሳ። "ልጄ፣ ይካፈላል። ቃል ገብተሃል፣ ቃልህን ጠብቅ።"

"ሃያ" ልል አፌን ስከፍት ጎማ ነጋዴው እጁን አነሳ። "ሃያም ቁጥር ነው አቦ። ዝም በል።"

ፍርዱ እንግዲህ እንዲህ ነበር የተፈረደው። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አላየውም። ያፈነኝ ፍርድ ስህተቱንም አብሮ አፈነው። አሃዞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ ብጠራቸው ኖሮ ነገሩ በዚያው ደቂቃ ይገለጥ ነበር። አሃዝ መጥራት ደግሞ ተከልክያለሁ።

ሻይ ቤት ለምን አልቀየርክም ይሉኛል። ብቀይር "አምኖ ሄደ" ይባላል። ስለዚህ በየቀኑ ሄድኩ፣ በየቀኑ እዚያው ቦታ ተቀመጥኩ።

"ስንት ሻይ?" ትለኛለች አባዮ፣ እያወቀች።

"ለእኔ።"

"ስኳሩ ስንት ይሁን?"

"እንደ ትናንቱ።"

"ትናንት ስንት ነበር?"

"ትናንት የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።"

እሷስ በጨዋታ ነው። ጎማ ነጋዴው ግን ጥርሱን ይነክስብኛል። "ዕድሜህ ስንት ደረሰ?" ይላል ሰው ሲሞላ። "ሞኝ የምታገስበት ዕድሜ ላይ ነኝ" እለዋለሁ። ይሳቃል። ሳቁ ለእኔ ሳይሆን በእኔ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ።

እዚያ ላይ ቢቆም ምንም አልነበረም። የጎሚስታ ሀብቱ ክሪኩ አይደለም፤ ቃሉ ነው። "ተደፍኗል፣ ሂድ" ስለው ሹፌር የጭነቱንና የራሱን ነፍስ አምኖኝ ይሄዳል። ያ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ "ተደፍኗል" ስል ሹፌሮች ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ጎማው ላይ ያደርጉ ጀመር። አንዱ የቀብሪበያ ሹፌር፣ ደንበኛዬ የነበረ ሰው፣ ፊት ለፊቴ አለፈኝና ሌላ ዘንድ ሄደ። "አቦ፣ አንተ እኮ የሚካፈለውን አይካፈልም ትላለህ ይላሉ" አለኝ በኋላ ስጠይቀው። ቁጥር ላይ የዋሸ ቀዳዳም ላይ ይዋሻል፤ አባባላቸው ይኼ ነበር። አልፈረድኩባቸውም አልልም። ፈርጄባቸዋለሁ።

ብቻዬን ስሆን ወደ ጀርባ እዞርና ታንከሩ ፊት እቆማለሁ። አንድ፣ ዘጠኝ፣ ባዶ፣ ዘጠኝ፣ ባዶ፣ አንድ። ሃያ። ሁልጊዜ ሃያ። ሐጂን ነጋዴው ገዝቷቸዋል ብዬም አሰብኩ። ይህን ሳስብ ያመኛል፤ ምክንያቱም ሐጂ የሚገዙ ሰው አይደሉም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ቶጎጫሌ ነው። ለጎማ መድፈኛ ሙጫ ልገዛ ሄጄ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ከማዶ የመጣ የቴምር ካርቶን ተደርድሮ አየሁ። በአንዱ ጎን በአረብ ጽሑፍ፣ በሌላው በፈረንጅ። በፈረንጁ ጎን ክብደቱ አምስት ኪሎ ይላል። በአረቡ ጎን፣ አምስት መሆን ባለበት ቦታ፣ አንዲት ክብ ተቀምጣለች። የእኛ ባዶ።

"ይህቺ ምንድን ናት?" አልኩት ባለሱቁን።

"አምስት ናት። ቁርአን ቤት አልሄድክም?"

"ባዶውንስ እንዴት ትጽፉታላችሁ?"

"ነጥብ ነዋ።"

ሙጫውን ረስቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። አንድ በሁለቱም ጽሕፈት ያው ቀጥ ያለች ናት። ዘጠኝም በሁለቱም ያቺው ራሰ ትልቋ ናት። ክቧ ግን ለእኔ ባዶ፣ ለሐጂ አምስት። ሁለት ክብ፣ ሁለት አምስት፤ አሥር። የእኔ ሃያ ላይ አሥር ሲጨመር ሠላሳ። ሐጂ አልተገዙም፤ ነጋዴውም ታንከሩ ከማዶ ስለመጣ እንደ አረብ ቁጥር ነው ያነበበው። እኔም አልዋሸሁም። አንድ ታንከር አይተን ሁለት ቁጥር አንብበናል፦ እኔ 190901፣ እሳቸው 195951።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ታንከሩ የማን ጽሕፈት ነው? ከማዶ የመጣ ነው። በአረብ ተጽፎ ከሆነ ሐጂ ልክ ናቸው፣ እኔ ያልተጻፈውን አነበብኩ። የመምህርቷ ቃል ትዝ አለኝ። ተመልሼ ታንከሩን ዞርኩት፣ አሻሸሁት፣ ሥሩ ድረስ አየሁት። ከነዚያ አሃዞች በቀር ምንም የለበትም፤ እነሱ ደግሞ በሁለቱም ጽሕፈት ይነበባሉ። ያ ታንከር ለሁለቱም ወገን እሺ የሚል ደላላ ነበር።

አውበሬ ከተማ የተበላሸ መኪና ጎማ ልቀይር የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሥራውን ጨርሼ እጄን ልታጠብ ወደ ውሃ መቅጃው ሄድኩ። የብረት ታንከር ነው። ያው ቁመት፣ ያው ሆድ፣ ያው ጥቁር ቀለም፣ ያው የእጅ ጽሕፈት። ቁጥሩ 190902። ወንድሙ ነው። ከአንድ ቀጥሎ የመጣው ሁለት ደግሞ በፈረንጅ ጽሕፈት የተጻፈ ሁለት ነው፤ ጀርባዋን አጉብጣ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠችዋ። የአረቧ ሁለት ቆማ ነው የምትታይ። እጄን ሳልታጠብ ተመለስኩ።

ለሐጂ ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ዳሱ ሥር ቁጥር መጥራት አልችልም፤ ከዳሱ ውጭ ብነግራቸው ደግሞ ፍርዱን በዘዴ ሸሸ ይባላል። "ሐጂ፣ አውበሬ የማሳይዎ ነገር አለ" ብቻ አልኳቸው። ለለቅሶ ወደዚያው ሊሄዱ ኖሯል፤ አብረን እንሂድ አሉኝ። ጎማ ነጋዴው ሰምቶ "እኔም እመጣለሁ፣ ይህ ዲዳ ምን እንደሚያሳይ ልይ" ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ዘለለ። መንገዱን ሙሉ የመንገድ ምልክት ባየ ቁጥር "ስንት ኪሎሜትር ይላል?" እያለ ጎነተለኝ።

ታንከሩ ፊት አቆምኳቸው። ሐጂ ጠጋ ብለው አዩት። በዚያን ጊዜ ስልክ ይዘው ነበር፤ የልጃቸውን ቁጥር እኔ ድሮ ጎማ በማውቅበት መንገድ፣ በመልኩ ለይተው ነው የሚደውሉት።

"ይህቺን መጨረሻ ያለችውን አውቃታለሁ" አሉ። "የልጄ ስልክ መጨረሻ ናት። ሁለት።" ስልኩን አወጡና ቁልፎቹን በአውራ ጣታቸው ተከተሉ። አምስቷ ጋ ደረሱ፤ አተኩረው አዩአት። ክብ አይደለችም። ወደ ታች ወረዱ፤ ክቧ ከሁሉ በታች ናት።

"ይህቺ ባዶ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ታዲያ እኔ ያን ቀን ምን ነበር የደመርኩት?"

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ የመጀመሪያውን ታንከር አሃዞች በቃላቸው ነበር የያዙት። ደመሩ። ሦስት ሦስት አድርገው አሳለፉ። መጨረሻ ላይ በሁለት ጣቶቻቸው መሃል ዶቃዎች ቀሩ፤ ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

"ሁለት ተረፈ" አሉ። "ሃያ ነበር ልጄ። ነገ ዳሱ ሥር ተናገር።"

በማግስቱ ወሬው ቀድሞ ስለደረሰ ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። ያለፈኝ የቀብሪበያው ሹፌርም መጥቷል። ሐጂ ስህተቱን ሳይሸፋፍኑ ነገሩና ክልከላውን አነሱ። ጎማ ነጋዴው ግን ዝም የሚል አይደለም፤ እዚህ ላይ ደግሞ ነጥቡ ልክ እንደነበር ልመስክርለት።

"ለሦስት አልተካፈለም እንበል" አለ። "ይኼ ብቸኛ አያደርገውም። ስንት ሌላ አካፋይ አለ።"

"ጥራ" አልኩት። "የፈለግከውን ጥራ።"

ሹፌሮቹ የስልካቸውን ማስሊያ ከፈቱ።

"በሰባት።"

"አራት ይተርፋል።"

"በሃያ ሦስት።"

"አንድ።"

"በሦስት መቶ ሠላሳ ሰባት።"

"መቶ ሃምሳ ዘጠኝ።"

ማስሊያ የያዙት እርስ በርስ ተያዩ። "ልክ ነው" አለ አንዱ። "ልክ ነው" አለ ሌላው። ጎማ ነጋዴው ላብ ጀመረው።

"በሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ።"

"ሦስት መቶ አርባ ሰባት። ሁለት ብቻ ጎደለው። እሷ እኔንም አስደንግጣኛለች።"

ያ ሁሉ ዓመት ከአፌ ያልወጣ ቁጥር ልቤ ውስጥ ሲመላለስ ነው የኖረው፤ ሲከፈትለት እንደ ተነፋ ጎማ ነበር የፈነዳው። ሰዉ መሳቅ ጀመረ፤ አሁን ሳቁ ከእኔ ጋር ነው። አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ሲለኝ "እዚያ ዙሪያው ያልቃል" አልኩና ለምን እንደሚያልቅ መምህርቷ እንዳስረዳችኝ አስረዳኋቸው። የገባው ገባው።

"ብቸኛ ነው" አሉ ሐጂ። "ፈርጃለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ለዚህ ሰውስ ምን ይፈረድበት? ይቅር ማለትም አለ" አሉኝ።

ይቅር ማለት እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ግን አላልኩም። "እኔ በኖርኩበት ፍርድ ይኑር" አልኩ። "ከዚህ ዳስ ሥር ቁጥር አይናገር።" ሐጂ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎማ ነጋዴው ጎማ የሚሸጠው እዚያው ተቀምጦ ነው፤ የጎማ መጠኑን እንግዲህ በእጁ እያሳየ ይሽጥ።

የቀብሪበያው ሹፌር ተነስቶ "መኪናዬ ውጭ ናት፣ የኋላ ግራ ጎማዋን እይልኝ" አለኝ። "ሻዬን ልጠጣ" አልኩት። "ጠብቅ።"

አባዮ መጣች። ጠየቀችኝ፤ መጠየቅ አልነበረባትም፤ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

"ስንት ሻይ?"

"አንድ" አልኳት። ቀኑ ሐሙስ ግንቦት 18 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር።